ዝናብ የሚናገር ጉልበት

ይድረስ ለጫልቱ፤ ሱሉልታ፣ ከኮረብታው አናት፣ ከጽዶቹ ሥር።

እጄ ለምዶ «ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። ሳስበው ግን ከሁለታችን ጤናው የሚጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺ ከዚህ ጣጣ ከወጣሽ ባለፈው እሁድ ሰባት ዓመት ሞላሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ «ጅልባ ኮ» ሳትዪ። ደብዳቤውን ሌላ ሰውም እንዲያነበው ስለፈቀድኩ ልተርጉመው፤ «ወይ ጉልበቴ» ማለትሽ ነው። ስትቀመጪ ትያታለሽ፣ ስትነሺ ትያታለሽ። አማርኛሽ ከእኔ አማርኛ የሚሻል ሆኖ ሳለ ጉልበትሽ ግን በኦሮምኛ ብቻ ነበር የሚያምሽ። ከሄድሽ በኋላ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የጎደለኝ ያ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ጨው። እታለም ጨው አታውቅም።

እታለም ታላቅ እህቴ መሆኗን አንቺ አትረሺም፤ ቀብርሽ ላይ ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው እሷ ናት። «ወንድ ልጅ ብቻውን ቤት አይዝም» ብላ ከአገር ቤት ጓዟን ጠቅልላ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱን እሷ ይዛዋለች፣ እኔንም ጨምራ። ስኳር ትደብቅብኛለች። የት እንደምትደብቀው አውቃለሁ፤ ማወቄን ግን አላሳውቃትም፤ ቦታ ትለውጣለቻ።

በሩ ላይ የተከልሽው ጌሾ ጣሪያውን አልፏል። ጠላ የሚጠምቅ ስለሌለ ቅጠሉን ጎረቤት ይለቅመዋል። የጓሮዋን ክፍል ከወላይታ ለመጡ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች አከራይቻታለሁ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ጴንጤ ስለሆኑ እሁድ ጠዋት ጊታራቸውን አውጥተው ይዘምራሉ፤ እታለም ትራሷን ጆሮዋ ላይ ትጭናለች፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በእግሬ ጣት ምቱን እከተላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሌላው አዲስ ነገር፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሌሎቹን ጎረቤቶቻቸውን ካርታ ላይ ሰፍተው አንድ ከተማ አድርገዋቸዋል፤ ሸገር ይባላል። አንቺ ሳትነሺ፣ እኔም ሳልነቃነቅ የአንድ ከተማ ሰዎች ሆንን። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ ይህን የሰማሁ ለት መንገዱ ያጠረ መስሎኝ ነበር። አላጠረም። አንቺ ዘንድ ለመምጣት ዛሬም በፉሪ በኩል አዲስ አበባ ገብቼ፣ እሷን ሰንጥቄ፣ እንጦጦን ተሻግሬ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በሄድሽ በሦስተኛው ዓመት ቀኝ ትከሻዬ ጀመረኝ። ክረምቱ ሲገባ ጉልበቶቼ ተከተሉት፤ ወገቤም ብቻዬን ለምን እቀራለሁ አለና ተጨመረ። ያን ሁሉ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽመና ማሽን ሥር፣ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ ኖሬ፣ ጡረታ እስክወጣ ጠብቆ ነው የመጣብኝ። የሐኪሙ ኪኒን ሆዴን አቃጠለኝ። ጠበሉ ለነፍሴ በጅቶኛል፤ ጉልበቴ ግን እምነት የለውም። ተፍኪ አንድ የታወቀ ወጌሻ አለ ተብዬ ሄድኩ። ካሸኝ በኋላ የጉልበቴን ሕመም ሦስት ቀን ረሳሁት፤ የቀረውን ሰውነቴን በሙሉ አሳምሞኝ ነበርና።

ይኼን ጊዜ ነው የአንቺን ቁርጥማት ማስታወስ የጀመርኩት። አንቺን ረስቼሽ አላውቅም፤ ቁርጥማትሽን ግን አብሬ ቀብሬው ነበር። ጉልበትሽን ሲቆረጥምሽ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብሱን አስገቡ» ትያለሽ። እኔ ደጅ ወጥቼ ሰማዩን አይና ለጎረቤት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ራዲዮው ዛሬ ዝናብ አለ ብሏል» እላለሁ። ስምሽን ራዲዮ አልኩት። ጠዋት መነሳት ሲያቅትሽ «ጣቢያው ገና አልተከፈተም» እላለሁ። ሰው ይስቃል። አንቺም አንዳንዴ ትስቂያለሽ፤ ይህ ለእኔ ፈቃድ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ልብሱን የምትሰበስቢው አንቺ ነሽ፣ ከዝናቡ የምጠለለው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ልክ ነበርሽ ብዬሽ አላውቅም።

የመጨረሻውን ንግሥሽን ደግሞ ሳልጽፈው ባልፍ ይህ ሁሉ ወሬ ከንቱ ነው። ያ ያልጠረጠርነው በሽታ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ማለቴ ነው። ሱሉልታ በመኪና ደርሰን ኮረብታውን በእግር ጀመርነው፤ አንቺ፣ እኔና ወንድምሽ ጉታ። እኩሌታው ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት፣ ያቺ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ተቀመጥሽባት። «ጅልባ ኮ» አልሽ፤ ትንሽ ቆዩኝና አብረን እንወጣለን አልሽ። እኔ ታቦቱ ሳይወጣ ለመድረስ ቸኩያለሁ፤ ደግሞም ለጉታ ቀልድ ማሳየት አምሮኛል። «ራዲዮው ባትሪ ጨርሷል፤ ፀሐይ ላይ ተዉት ይሙቅ» ብዬ ጥዬሽ ወጣሁ። ጉታ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ገብቶ፣ ሕዝቡ ሲበተን ነው የደረስሽው፤ ነጠላሽ በላብ ርሷል። ሰበታ ገብተን ጫማሽን ስታወልቂ ቀና ብለሽ አየሽኝና፣

«አንተን የሚያምህ ቀን እነግርሃለሁ» አልሽኝ።

ቀኑ መጣ። ነጋሪዋ የለችም። እኔው ለራሴ ነገርኩት።

ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ መቃብርሽ ዘንድ አልመጣሁም። አራት ዓመት። ጧፍሽን እታለም ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ሰበታ ቁጭ ብዬ ስትመለስ «እንዴት ናት?» እላታለሁ፤ «ደህና ናት፣ አልተነሳችም» ትለኛለች፤ ቀልድ ከእኔ ወርሳለች። ጉታ በየዓመቱ ይደውላል። «ዋርሳዬ፣ ዘንድሮ በቅሎ ልላክልህ ወይስ ወሳንሳ?» ይለኛል። እኔ ግን ያችን ዳገት በበቅሎ አልወጣም ብዬ ወስኜ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አንቺ በእግርሽ ነው የወጣሻት። የሰባት ዓመትሽ ፍትሐት ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ በዚያን ቀን በእግሬ ካልወጣሁ ከዚያ በኋላ የምወጣው በእርግጥም በወሳንሳ ነው ብዬ አሰብኩ።

እዚህ ላይ ሌንሳ ትገባለች። አንቺ በኦሮምኛ መቁጠር ያስተማርሻት የልጅ ልጃችን አሁን ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ቡራዩ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ክሊኒኩ የአንጎል ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ አስገብቶ ለብዙ ዓመት ሲያማቸው የኖሩ ሰዎችን ማለማመድ ጀምሯል። መጀመሪያ ስትነግረኝ የማስበውን ሁሉ ሊያነቡት መስሎኝ ደነገጥኩ። ስኳሩም አለ፣ ጊታሩም አለ። ሐሳብ አያነብም አለችኝ፤ አንጎል ሲወጠርና ሲረጋ የሚሰጠውን ምልክት ብቻ ነው የሚያየው። ምንም ኤሌክትሪክ አይልክም፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቀጥላም ሳትሸፋፍን ነገረችኝ፤ የጉልበትዎ መገጣጠሚያ አልቋል፣ ያለቀውን ይህ አይመልሰውም፤ አንዳንዱን ሰው ይረዳዋል፣ አንዳንዱን አይረዳውም፤ ከእንቅስቃሴው ጋር እንሞክረው አለች። ወጌሻው ይህን ያህል እውነት ቢነግረኝ ኖሮ ተፍኪ አልሄድም ነበር።

እታለም ነገሩን ስትሰማ አዘነች። ሽቦ አናት ላይ ሲደረግ አንጎል ይደርቃል አለች። ያዳምጣል እንጂ አይልክም ብላት፣ የሚያዳምጥ ሁሉ ይናገራል አለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ከቤት ከመውጣቴ በፊት፣ አስቀምጣ አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ ደፋችብኝ። አንድ ሙሉ እፍኝ ይሆናል። እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የእኔን አናት ቅቤ ነክቶት አያውቅም። አንቺ ስትቀቢኝ በጣትሽ ከመሃል ጀምረሽ ወደ ጆሮዬ ትወርጂ ነበር፤ እታለም ሊጥ እንደሚመታ ሰው ናት።

ሚኒባስ ውስጥ ፀሐዩ በመስኮት ገባ። አየር ጤና ስንደርስ ቅቤው ቅንድቤ ላይ ነበር፤ ቡራዩ ስደርስ አንገቴ ላይ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መጀመሪያ ሸሸችኝ፣ ቀጥላ አዘነችልኝ፣ በመጨረሻ መሐረብ ሰጠችኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ሌንሳ ኮፍያ ለብሼ ስገባ ስላየችኝ ምንም አልጠረጠረችም። ኮፍያውን ሳወልቅ ግን አፏን ያዘች። ቢሆንም ሞከረች። ትንንሽ ክብ ብረቶች አሉ፣ በቅባት ነገር አናት ላይ ይጣበቃሉ፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ ጉትቻ ጆሮ ላይ ይቆነጠጣሉ። አንዱን ስትለጥፈው ሌላው ይንሸራተታል። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እንደ ፍየል ይዘል ጀመር። መሣሪያውን የሚያየው ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ አጠፋ፣ አበራ። ተበላሽቷል ሊል ሲል አፍንጫው ነገረው። ዞር ብሎ አየኝና «አባቴ፣ ሽሮ ነው የሚሠራው?» አለኝ።

የዚያን ቀን ሥልጠና በዚሁ አበቃ። ሌንሳ እጅ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ አድርጋ አናቴን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበችኝ። አንቺ ያጠብሻት ልጅ። ስታጥበኝ እየሳቀች ነበር፤ በኋላ ሳቋ ቆመ፤ እኔም ውሃው ዓይኔ ገባ አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ራሴ ደርቆ ሄድኩ። እንደ ፀጉር ቤት ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሐይቅ አለ፣ ሐይቁ ላይ አንዲት ዳክዬ። አንጎሌ ሲረጋ ዳክዬዋ ትዋኛለች፣ ትንሽ ደወልም ታቃጭላለች። ስወጠር ትቆማለች። ሌላ ምንም የለም። የሚጨበጥ የለም፣ የሚረገጥ የለም። አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ በዓይኑ ብቻ ዳክዬ እንዲነዳ መጠየቁ ነው። እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ ግንባሬን አኮማትሬ «ሂጂ» አልኳት። ደነቆረች። በተናደድኩ ቁጥር ድንጋይ ሆነች። ሌንሳ ከኋላዬ ሆና አይሞክሩ ትለኛለች። ካልሞከርኩ ምን ልሠራ ነው ሰበታን ለቅቄ የመጣሁት?

ማጭበርበር አላቃተኝም። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ዓይኔን ስጨፍን ደወሉ ያለማቋረጥ እንደሚያቃጭል ደረስኩበት። ጨፍኜ ሐይቁን ሙሉ አዞርኳት። ጎበዝ እስክባል ስጠብቅ ሌንሳ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ዓይኑን ሲጨፍን የሁሉም ሰው አንጎል እንዲያ እንደሚያደርግ ነገረችኝ። «አባባ፣ መንገድ ላይ ሲያምዎ ጨፍነው ሊሄዱ ነው?» አለችኝ። አፍ የምታስይዝ ልጅ ናት፤ በማን እንደወጣች አውቃለሁ።

ነገሩ የገባኝ በራሴ ሙያ ነው። የሽመና ማሽን ላይ ክር ሲበጠስ ማሽኑን የሚያቆሙ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ክር ሳይበጠስ ማሽኑ እየቆመ ያስቸገረን ጊዜ ብዙ ነው። አዲስ ሠራተኛ ክሩን ይፈትሻል፣ ክሩ ደህና ነው፤ ያስነሳዋል፣ ይቆማል። ያኔ እኔ እጠራለሁ። ጥፋቱ ብረቱ ላይ ነው፤ ከአንድ ክፉ ቀን በኋላ ነፋስ በነካው ቁጥር እንዲጮኽ ሆኗል። ሌንሳ ስለ ሕመም የነገረችኝ ይህንኑ ነው። ሕመም ዓመታት ሲቆይ አንጎል ዘበኝነት ይለምዳል፤ ትንሹን ትልቅ አድርጎ ይጮሃል፤ ሰውየው ጡንቻውን ይወጥራል፤ የተወጠረው ደግሞ ራሱ ያማል። ጩኸቱ ግን የውሸት ጩኸት አይደለም። ማሽኑ በእርግጥ ቆሟል። ሰውየውን በእርግጥ ያመዋል። ያንን ብረት ደግሞ በመዶሻ አያስተካክሉትም፤ በጣት ጫፍ፣ ትንሽ፣ እንደገና ትንሽ፣ ማሽኑን እየሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳክዬዋን ማዘዝ ተውኩና መስማት ጀመርኩ። ትከሻዬ ሳላውቀው ጆሮዬ ድረስ ወጥቶ እንደሚኖር ያወቅሁት ያኔ ነው። አወረድኩት። ሄደች።

አንድ ነገር ግን ነበር። እየዋኘች ሳለ ያቺ ድንጋይ ትዝ ስትለኝ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በሌላ ነገር አትቆምም። ፋብሪካውን አስቤ አይቻለሁ፣ ወጌሻውን አስቤ አይቻለሁ፣ ቀብርሽን እንኳ አስቤ አይቻለሁ፤ ትንገዳገዳለች እንጂ አትቆምም። ድንጋይዋን ሳስብ ግን ደወሉ ጸጥ፣ ጉልበቴ ደግሞ እዚያው ወንበሩ ላይ ይወጋኛል። ሌንሳ አሁን ምን አሰቡ ብላ ትጠይቀኛለች። ስኳር እላታለሁ። አንድ ቀን ግን ስኳር አላልኳትም። የሚያስቡትን ነገር ማባረር አያስፈልግዎትም፣ ከእሱ ጋር መቀመጥ ይለማመዱ አለችኝ። ተለማመድኩ። ዳክዬዋ መቆሟን አልተወችም። የምትቆምበት ጊዜ ግን አጠረ።

እንዲህ እያልኩ ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ። ቤት ደግሞ ሌንሳ ያዘዘችኝን እሠራለሁ፤ ወንበር ይዤ መቀመጥ፣ መነሳት፣ እንደገና። ተከራዮቹ ልጆች ይቆጥሩልኛል፣ እኔ ሁለት ሦስቱን እዘላለሁ፣ እነሱ ይመልሱኛል። አሁን ጉልበቴ አይታመምም ብዬ አልዋሽሽም። ያመኛል። ሕመሙን እንደ ዘበኛ ውሻ ቁጠሪው፤ አሁንም ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር መጮኹን ግን ተወ። እንቅልፌ ተመልሷል። ደረጃ በጎን መውረድ ትቻለሁ። የረዳኝ ማሽኑ ይሁን፣ ወንበሩ ይሁን፣ ወይስ ቡራዩ ድረስ መመላለሱ፣ ሌንሳም በእርግጠኝነት አላውቅም አለችኝ። እታለም ግን ታውቃለች፤ ቅቤው ነው ትላለች።

እሁድ ደረሰ። ሌንሳና እታለም በጠዋት ቀድመው ወጡ። እኔን ጉታ ከመንገድ ተቀበለኝ፤ በቅሎ ጭኖ። ለመጠባበቂያ ነው አለ። ወሳንሳውስ ስለው ወደ ጽዶቹ እያየ ተዘጋጅቷል አለኝ። አርጅቷል ጉታ፤ ምላሱ ግን አላረጀም። ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ገና መቶ እርምጃ ሳንሄድ ጉልበቴ በዚያ በተለየው ዓይነት ቆረጠመኝ፤ ከውስጥ፣ እንደ ጥርስ። ዝናብ አለ አልኩት። ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ በሳቅ ፈነዳ። «ዋርሳዬ፣ ራዲዮ ሆንክ?» አለኝ።

እሱም አልረሳም ማለት ነው።

ድንጋይዋ ጋ ስንደርስ ተቀመጥኩ። አለች፤ እዚያው። ጎኗ ላይ ሽበት ወጥቶባታል እንጂ። ጉታ በቅሎዋን አቀረበ፣ እኔ ሂድ አልኩት፣ ፍትሐቱ ሳይጀመር ድረስ፣ እኔ እመጣለሁ። እምቢ አለ። እንዴት ጥዬህ እሄዳለሁ አለኝ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ የታመመ ሰው ዳገት ላይ ጥሎ የሚሄድ አለ ወይ እያለ ተቆጣ።

«እሷን ጥለናት ሄደን የለም እንዴ?» አልኩት።

ልጓሙን ጎተተና ወደ ላይ ሄደ፤ ዞር ብሎ አላየኝም። በቅሎዋ ግን አየችኝ።

ብቻዬን ቁጭ አልኩ። ከድንጋይዋ ላይ የሱሉልታ ሜዳ እስከ ጫንጮ አቅጣጫ ይታያል፤ ለካ እዚያ ተቀምጠሽ ይህን ነበር የምታይው። ፈረሶች፣ የፋብሪካ ቆርቆሮ፣ አዳዲስ ቤቶች። ከላይ የቄሶቹ ድምፅ መጣ። ፍትሐቱ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ ታች ብቻን መቀመጥ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ፤ ሰዎቹ የራቁ ያህል አይሰማም፣ የረሱሽ ያህል ነው እንጂ። ጥርሴን መንከሴን አስተዋልኩና አላላሁት። ትከሻዬን አወረድኩ። ጉልበቴን ዝም በል አላልኩትም፤ ተናገር፣ እሰማሃለሁ አልኩት። ዳክዬ የለች፣ ደወል የለ። ድንጋይዋን ማሰብ አያስፈልገኝም፤ ላይዋ ላይ ነኝ። አንቺ የጠበቅሽውን ያህል ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ምን ያህል እንደጠበቅሽ ግን አላውቅም፤ ጠይቄሽ አላውቅማ። ድምፁ ከላይ ሲቀንስ ተነሳሁ።

የቀረውን ዳገት በሁለት እግሬና በአንድ ዱላ ወጣሁት። አራት ጊዜ ቆሜያለሁ። ሦስተኛው ላይ ስቆም የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ፤ አራተኛው ላይ ዶፉ መጣ። ስደርስ ቄሶቹ ጥላቸውን ይዘው እየተበተኑ ነበር። ነጠላዬ ሰውነቴ ላይ ተጣብቋል። ያንቺ በላብ፣ የእኔ በዝናብ። ሌንሳ ልትሮጥ ስትል እታለም ክንዷን ያዘቻት። ጉታ ከጽዱ ሥር ወጣ፤ እሱም ርሷል፤ ክንዱን ሰጠኝና መቃብርሽ ጫፍ ላይ ዝቅ አደረገኝ። ዝቅ ስል ቃሉ በራሱ ወጣ።

«ጅልባ ኮ።»

በኦሮምኛ። ያን ሁሉ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ከሰላምታ ያላለፈ ኦሮምኛ ያለኝ ሰውዬ። ጉታ ፊቱን ወደ ጽዱ አዞረ። ይቅርታ ልል ብዙ ነገር ከሰበታ አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር፤ ሁሉም ቀረ። ከዚያ የሚበልጥ አልነበረኝም።

ይኸው ነው ወሬው። ያን ቀን ልትነግሪኝ ያሰብሽው ይህን ከሆነ ሰምቻለሁ። ካልሆነም፣ በቅርቡ ስንገናኝ ታርሚኛለሽ፤ አትቸኩዪ፣ እኔ ዳገት ቀስ ብዬ ነው የምወጣው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እያቃጠለ ጉልበቴ ተናገረ። ደጅ ወጥቼ ተከራዮቹን ልብሳችሁን አስገቡ አልኳቸው። ሰማዩን አይተው ማን አለ አሉኝ። ጫልቱ ብላለች አልኳቸው። ጫልቱ ማን እንደሆነች አያውቁም፤ ጨዋ ልጆች ስለሆኑ ግን አስገቡ። ዝናቡ ሲወርድ በረንዳ ላይ ቆመው እርስ በርስ ተያዩ። ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ እኔ እስካለሁ ድረስ ዝናብ የሚነገረው በአንቺ ስም ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንደኛው ልብሱን አጥቦ፣ ገመዱ ላይ ከመስቀሉ በፊት በሬን አንኳኳና ጠየቀኝ፤

«አባባ፣ ጫልቱ ዛሬ ምን አለች?»

ባልሽ፣ ከሰበታ።